ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት በ1,400 ብር፦ የአንድ ጡረተኛ የወባ ሠራተኛ ግምገማ

የከፈለችልኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ቤት ተቀምጠህ ከምትውል አንድ ቀን ወጣ በል» አለችና 1,400 ብር ከፍላ አስመዘገበችኝ። ጉብኝቱ የአንድ ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ይነሳል፣ ጣርማበርን ያያል፣ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት ምሳ ይበላል፣ ማታ ይመለሳል። ቡና፣ ውሃ፣ ምሳና አስጎብኚ ዋጋው ውስጥ ናቸው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ልጆቹ ገና ጀማሪዎች ናቸው። የምወቅሳቸው ነገር ስላለኝ እንጀራቸውን መንካት አልፈልግም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ከ30 ዓመት በላይ የወባ ሠራተኛ ነበርኩ። የዲዲቲ ፓምፕ በጀርባዬ አዝዬ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በአንጾኪያ ገምዛ ስንት ጎጆ እንደረጨሁ እኔም ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ይህን መንገድ ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የሄድኩት መንገዱን ለማየት አልነበረም። ወጣቶቹ ስለ መንገዱ ምን እንደሚሉ ለመስማት ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ጠዋት 12 ሰዓት ተብሎ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን። መኪናው ሃይሩፍ ነው። ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ደህና ነው፣ ትርፍ ሰው አልጫኑም። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የሚወርደው፣ ፍሬን ላይ አይተኛም። ለእሱ ከ5 5 ሰጥቻለሁ። ቡናው በፔርሙዝ ስለመጣ ለብ ብሏል። በደብረ ብርሃን ብርድ ለብ ያለ ቡና ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው።

አስጎብኚው ታሪክ የተማረ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ልጅ ነው። መጀመሪያ «አባባ» አለኝ። «ጋሼ በለኝ፣ ገና ነኝ» አልኩት፣ ተሳሳቅን። ከከተማው ስንወጣ ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ስለ ወረደው ብርሃን አወራን። ጥሩ አድርጎ ነው ያወራው። ስለ እንግጫ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከተረሸኑ በኋላ 129 ዲያቆናት የተገደሉት እዚሁ ከከተማችን አጠገብ ነው። የማያውቀው መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ጠዋት በጠዋት ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው» አለኝ። ይሄ እንግዲህ የንግድ ሐሳብ ነው፣ አልፈርድበትም።

ጣርማበር ስንደርስ ጉም ነበር። የበግ ሱፍ ኮፍያ የሚሸጡ ልጆች መኪናውን ከበቡት። አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ሁለት ገዛች። ከዋሻው አፍ ፊት ቆመን ልጁ ገለጻውን ጀመረ። የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የእኛ ሰዎች እዚህ መንገዱን አፍርሰው እንዳቆሙት ነገረን። ጠግኖ እስኪያልፍ ቆመ፣ ከዚያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ይሄን ጥሩ ተናገረ። ከዚያ ወደ ዋሻው መጣ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኑን፣ ጣልያን በወረራው ጊዜ መሥራቱን፣ ሰው እስካሁን የሙሶሊኒ ዋሻ እንደሚለው ነገረን። መደምደሚያው ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት ናት፦ «እንግዲህ ክፉም ቢሆኑ መንገዱን ሠርተውልናል።»

ኮፍያ የገዛችው ሴት ጠየቀችው። «ሲሠራ ስንት ሰው ሞተ?»

«ብዙ» አላት። «በሉ አሁን ፎቶ!»

የእኔ ቅሬታ እዚህች ላይ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት «ብዙ ሕመምተኛ አለ» ብሎ ሪፖርት የላከ ሰው ሪፖርቱ ይመለስበት ነበር። ስንት? የት ቀበሌ? በየትኛው ወር? ከየት የመጣ ሰው ነው? አለቃዬ በተለይ የመጨረሻዋን ሳትሞላ ከመጣህ አይቀበልህም። ሰውየው የታመመው እዚህ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ይዞት መጣ? ስለ ግዳጅ ሥራ ስናወራም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው የሚናደውን ድንጋይና ድማሚቱን ነው። ድንጋይ ይገድላል፣ አልክድም። ግን አብዛኛውን ሰው የገደለው ሰውየው ከአገሩ አየር፣ ከለመደው እህልና ከሚጠጣው ውሃ ተነቅሎ ሌላ ቦታ መተከሉ ነው።

ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ ለሴትየዋና ለአስጎብኚው ስለ ሌላ ዋሻ ነገርኳቸው። ባምባ ይባላል። ኮንጎ ብራዛቪል ውስጥ ማዮምቤ በሚባል ደን በለበሰ ተራራ ሥር ያልፋል፣ 1,690 ሜትር ነው። ፈረንሳዮች ከብራዛቪል እስከ ፗንት ኖዋር ወደብ 510 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ያስቆፈሩት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1934 ፈጀ። ከ100,000 በላይ ሰው በግዳጅ ተመልምሎበታል። ዝቅ ባለው ግምት 17,000 ያህሉ አልተመለሱም። በዚያን ጊዜ «በየሐዲዱ እንጨት ሥር አንድ ሰው አለ» ይባል ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? የአለቃዬ ጥያቄ። ከአካባቢው ሰው ሲያልቅ ከቻድና ዛሬ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ከምንለው ከኡባንጊ አመጧቸው። የሜዳ ሰዎች ናቸው። ማሽላና ዳጉሳ የለመዱ፣ ፀሐይ የለመዱ። በጀልባ ተጨናንቀው ወረዱና ሌት ተቀን የሚያንጠባጥብ ደን ውስጥ ገቡ። የማያውቁት እህል ተሰጣቸው። ተቅማጥ ያዛቸው፣ የሳንባ ምች ያዛቸው፣ ወባ ያዛቸው። አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አስከሬን እየመረመረ ስሙን «የማዮምቤ ክሳት» ብሎ የጻፈው በሽታ ነበር። ሰውየው ዝም ብሎ ይከሳል፣ ይከሳል፣ ይሞታል።

ይህን የነገርኳቸው ለማስለቀስ አይደለም። አንድ ነገር እንዲያዩልኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1929 ወዲህ በአውሮፓ ጩኸት ሲበዛ ምግቡ ተሻሻለ፣ ሐኪም ተጨመረ፣ መጠለያው ተስተካከለ። ሞቱ ወዲያው ወረደ። ደኑም ያው፣ ተራራውም ያው። ስለዚህ «የአየሩ ጠባይ ነው» የሚሉት ሰበብ አይሠራም።

አስጎብኚው ስልኩ ላይ ሲጽፍ አየሁት። እዚህ ላይ ነጥቡን ከፍ አደረግኩለት።

ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ጀመርን። ይህ ጉብኝት ገንዘቡ የሚወጣለት በዚህች ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው ግን አላወቁትም። ጣርማበር ላይ ጋቢህን አጣጥፈህ ትደርባለህ። ደብረ ሲና ላይ ታላላለህ። አርማንያ ስትደርስ ታወልቃለህ። ጆሮህ ጧ ይላል። ሸዋ ሮቢት ላይ በሸሚዝ ነህ፣ ላብህ ይወርዳል። ደጋን ከቆላ የሚለየውን በሁለት ሰዓት ውስጥ በገዛ አካልህ ታየዋለህ። ልጁ ግን በዚህ ሁሉ ሰዓት ዘፈን ከፍቶልን ነበር። ዘፈኑ ጥሩ ነው። ግን እባካችሁ!

የድሮ የደጋ ሰው ይህን ቁልቁለት ያከብረዋል። ሮቢት ገበያ ይወርዳል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ከዚያ ሳይመሽ ዳገቱን ይጀምራል። ቆላ አያድርም። ትንኝ ወባ ታመጣለች ብሎ ሳይሆን «ንዳድ አለ» ብሎ ነው። ምክንያቱን ባያውቀውም ልማዱ ትክክል ነው። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ሌሊት ነውና።

ግዳጅ ሥራ መጀመሪያ የሚነጥቅህ ይህችን ምርጫ ነው። ማታ ዳገቱን ልውጣ ብትል የሚፈቅድልህ የለም።

አያቴ ከመዘዞ ወዲህ ያለ የደጋ ገበሬ ነበር። በጣልያን ጊዜ ከየቤቱ አንድ ሰው ሲባል እሱ ሄደ። ከአርማንያ በታች ለመንገድ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ሊሬ ይከፈለው ነበር፣ አይካድም። እንቢ ቢል ግን ምን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም። የወሰዱት መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ትንኟ የምትፈላበት ወር ማለት ነው። በኅዳር በሰው ጀርባ ታዝሎ ተመለሰ። ገብሱ ማሳ ላይ እንዳለ በረዶ መታው። አያቴ፣ ሴትየዋ ማለቴ ነው፣ በሬውን ሸጠች። «በሊሬው ጨው ገዛንበት» ትል ነበር፣ የቀረውን አትጨርሰውም።

ልጅ ሆኜ አያቴ አንዳንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ቡልኮ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ያኔ ዛር ነው ይሉ ነበር። ወባ ሥራ ስገባ ነው የገባኝ። አንደኛው የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስ የምንለው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። ሲነሳ ሲተኛ ደግሞ ሰውን አቅም ያሳጣዋል። የእሱ ይህ ይሁን፣ ወይም ኋላ ገበያ ሲወርድ እንደገና ተነክሶ ይሁን፣ መርምሮት ያየው ሰው የለም። ጣፊያው ግን ሆዱ ላይ በእጅ ይዳሰስ ነበር።

አርማንያን አልፈን ሮቢት ልንቃረብ ስንል ሹፌሩን አስቆምኩት። በፕሮግራሙ የለም። አንዳንዱ አጉረመረመ። ከመንገዱ ዳር አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ ነበር፣ የዝናብ ውሃ ያቆረ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ጥልቀቱ ጉልበት የማይደርስ። እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ልጅ ተንበርክኬ በውሃ ጠርሙስ ክዳን ቀዳሁት። ሁለት እጭ። ውሃው ላይ ልሙጥ ብሎ በአግድም የሚተኛው የወባዋ ነው፣ አንገቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ሌላዋ ናት። ሴትየዋ በስልኳ አነሳችው። ይችን የአገራችንን ዋና የወባ ትንኝ አረብየንሲስ እንላታለን። ትልቅ ሐይቅ አትፈልግም። የከብት ኮቴ ያቆረው ውሃ ይበቃታል።

እንግዲህ አስቡት። መንገድ ስትሠራ አፈር ትዝቃለህ። የተዛቀው ቦታ ውሃ ያቁራል። ውሃው ትንኝ ይፈለፍላል። ከጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ ወባ የማያውቅ ደም ያለው፣ ደክሞት እንደ ግንድ የሚተኛ፣ አጎበር የሌለው ሦስትና አራት መቶ ሰው ታሰፍራለህ። በሽታውን ከየትም ማምጣት አያስፈልግህም፣ ሥራው ራሱ ያመርተዋል። መጠለያው ሲጨናነቅ ደግሞ ቅማል ይገባል። ከቅማል ጋር ተስቦና ግርሻ ይመጣሉ። ደጋ ብትወጣ እነዚህ፣ ቆላ ብትወርድ ንዳድ።

አንዱ ወጣት ተሳፋሪ «ያኔ ይሄን ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ።

ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ግን ጣልያኖቹ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር የሚል ነው። የሰው ወባ በአኖፌለስ ትንኝ እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1898 ያረጋገጠው የእነሱው ሰው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ኪኒንን በመንግሥት እጅ በርካሽ ለገበሬያቸው የሚያድል ሕግ አወጡ። ሙሶሊኒ ራሱ ከሮም በስተ ደቡብ ያለውን የጰንጢና ረግረግ አድርቆ ወባ አጠፋሁ እያለ ይፎክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 እዚያ ላይ ሊቶሪያ የምትባል ከተማ መሠረተ። ረግረጉን ያደረቀና ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ የሚባለውን የእስረኞች ሰፈር የከፈተ አንድ መንግሥት ነው።

ዳናኔን ስጠራ አስጎብኚው ቀና አለ። ያውቀዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የታፈሰው ሰው፣ ከደብረ ሊባኖስም የተረፉት፣ ወደዚያ ተጋዙ። ዳናኔ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነው። ከእንጦጦ ብርድ፣ ከሸዋ ደጋ የተነሳ ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ እዚያ አሸዋ ላይ ሰፈረ። ውሃው ጨው ጨው የሚል ነው። ምግቡ አይረባም። ወባ አለ፣ ተቅማጥ አለ። እዚያ ታስሮ የወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ በኋላ ለጦር ወንጀል ምርመራ በሰጠው ምስክርነት 6,500 ያህል እስረኛ ገብቶ 3,175 ሞቷል ብሏል። ከሁለት አንድ ማለት ነው። በጥይት አይደለም። በትንኝና በውሃ ነው።

በዚያው በሶማሊያ፣ ሸበሌ ወንዝ ዳር፣ ጄናሌ የሚባል የጣልያን የሙዝና የጥጥ እርሻ ነበር። የወንዙን ገበሬ በግድ እየወሰዱ ያሠሩት ነበር። የራሱ ማሳ በዘር ወቅት ጾም ያድራል። ከአያቴ ገብስ ጋር አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። የረሃቡን ሞት ደግሞ ማንም የመንገድ ወይም የእርሻ ሞት ብሎ አይመዘግበውም።

በቃ፣ ግምገማ ነው የምጽፈው፣ ወደ ምሳው።

ምሳው ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ተጋቢኖ፣ ጥብስ፣ ቀዝቃዛ የፓፓያ ጁስ። ተጋቢኖው እየተንተከተከ ነው የመጣው፣ እንጀራው የዕለት ነው። የምግቡ ነጥብ ከ5 4 ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በእጅ መታጠቢያው ነው። በርሜሉ ባዶ ነበር። ሳሙና አለ፣ ውሃ የለም። 40 ዲግሪ በሚመስል ሙቀት 14 ሰው እጁን ሳይታጠብ በአንድ ትሪ ሊበላ ነው። አስተናጋጇን «እህቴ፣ ውሃ» አልኳት፣ በጆግ አምጥታ አንድ በአንድ አስታጠበችን። እሷን ግን አመሰግናለሁ።

ምሳ ላይ ወሬው ቀጠለ። የአዲስ አበባዋ ሴት ነርስ ኖራለች። «እሺ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የድሮ ነው። ዛሬ ላይ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ እያወጣች የምታነብልኝ ነገር አለና ሁለት ነገርኳት።

አንዱ ከደቡብ አሜሪካ ነው። ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1573 እስከ 1812 በፔሩና በቦሊቪያ ከተወሰኑ መንደሮች ከሰባት ጎልማሳ ወንድ አንዱን እየወሰዱ በጶቶሲ ብርና በዋንካቬሊካ ሜርኩሪ ማዕድን ውስጥ ያሠሩ ነበር። አንዲት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉትን መንደሮች አወዳደረች። ግዳጁ ነበረባቸው በተባሉት መንደሮች ዛሬም ቁመታቸው የቀነጨረ ሕፃናት በ6 በመቶ ነጥብ ያህል ይበልጣሉ። ግዳጁ ከቀረ 200 ዓመት አልፎታል። ሕፃኑ ማዕድን ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሁለተኛው ሥራዬን ስለሚነካ ነው የከነከነኝ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1956 በካሜሩንና በእነ ቻድ፣ ጋቦን፣ ኮንጎ በኩል የእንቅልፍ በሽታን ለማጥፋት መንደር ለመንደር ይዞሩ ነበር። ያ በሽታ የተስፋፋው ደግሞ ሰውን ለጎማና ለተሸካሚነት ወዲያ ወዲህ ሲያንከራትቱት ነው። ሰውን በወታደር ሰብስበው መርፌ ይወጉት ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ዓይን ያጠፋ ነበር። ዛሬ ያ ዘመቻ በብዛት በተካሄደባቸው አካባቢዎች ሰው ደም ለምርመራ ስጥ ሲባል እንቢ ይላል። ልጁንም የሚያስከትበው ያነሰ ነው።

ይህን ስሰማ የራሴ ትዝ አለኝ። ከአጣዬ ወደ ውስጥ የምትገባ አንዲት መንደር ነበረች። የደም ናሙና ልንወስድ ጣት ለመውጋት ስንሄድ እናቶች ልጆቻቸውን ዱቄት ማስቀመጫ ጎታ ውስጥ ይደብቁ ነበር። «ደሙን ለማን ነው የምትወስዱት?» ይሉናል። እኛ ወጣቶች ነበርን፣ እንስቅባቸው ነበር። ከእለታት አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ «የመንግሥት ሰው መጥቶ ሲቆጥረን መጨረሻው ምን እንደሆነ እኛ ነን የምናውቀው» አሉኝ። ሳቄ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የራሴን ጣት ወግቼ ነው የማሳያቸው። ነርሷ እሷም እንዲሁ ታደርግ እንደነበር ነገረችኝ።

ከእኛ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ምን አገናኘን?» አለ። አልተገዛንም። አምስት ዓመት ነው። ትንኝ ግን አንድ ክረምት ይበቃታል። ደግሞ እውነቱን ከተነጋገርን የእኛው ገባርም በግድ የጌታውን እርሻ ሲያርስ የራሱ ይጠፋበት ነበር። ጣልያን ሲገባም ባርነትን ላስቀር መጣሁ እያለ ነበር። ሰውዬው ይሄን ሲሰማ ጁሱን ጠጣ፣ ዝም አለ። ቅር ብሎት ከሆነ ይቅርታ።

ስለ ደቡብ አፍሪካ ወርቅ ማዕድን ሳልነግራቸው መነሳት ነበረብን። እዚህ ጥቂት ልበል። ከሞቃት አገር የመጣው ሠራተኛ በሳንባ ምች እየረገፈ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ1913 መንግሥቱ ከ22 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ በስተ ሰሜን ሰው መመልመልን ከለከለ። እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ በሰንሰለት አልመጡም፣ የጎጆ ግብር በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ ሲባሉ ነው የወጡት። ሳንባቸው በአቧራ ተጎድቶ፣ ቲቢ ይዘው ወደ ሌሶቶና ሞዛምቢክ መንደራቸው ይመለሳሉ። ኩባንያው መዝገቡ ላይ «ወደ ቤቱ ተመለሰ» ብሎ ይጽፋል። የሚሞተው ቤቱ ነው፣ ሚስቱንና ልጆቹንም አስይዞ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስድስት ኩባንያዎች ለታመሙት ማዕድን ቆፋሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው 5 ቢሊዮን ራንድ ገደማ ለመክፈል ተስማምተዋል። ከአያቴ ጋር የማመሳስለው የተመለሰበትን መንገድ ነው። ታዞ ሄደ፣ ታዝሎ መጣ።

የመልሱ ጉዞ ረዥም ነው። ግማሹ ሰው ማንጎና ማሾ ገዝቶ ተኛ። ጣርማበር ላይ ጉሙ ስለወፈረ ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ በእግር ፍጥነት ነው ያወጣን። ደብረ ብርሃን የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ 12 ሰዓት ይላል። የዘገየነው ግማሹ በእኔ ጉድጓድ ምክንያት ስለሆነ አልቆጥርባቸውም።

በአጠቃላይ ከ5 3 ተኩል ሰጥቻለሁ። ገንዘቡ አያንስም አይበዛም። ቢያስተካክሉ የምለው፦ ቁልቁለቱ ላይ ዘፈኑን ይዝጉ፣ ሰው ጋቢውን የት ላይ እንዳወለቀ ይጠይቁት። እንግጫ ጠዋት የሚከብድ ከሆነ ማታ ስንመለስ ይንገሩን። ለአንድ ጉድጓድ አሥር ደቂቃ ይመድቡ፣ ክዳን ይበቃል፣ መሣሪያ አያስፈልግም። ቡናውን ጣርማበር ላይ አፍልተው ይስጡ። «ብዙ» የሚለውን ቃል ከገለጻው ያውጡልኝ።

ለምትሄዱ ደግሞ፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከሆነ ረዥም እጅጌ ያዙ። ሮቢት ማደር ካለባችሁ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፣ የተቀደደ ከሆነ እንቢ በሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ከወር በኋላም ቢሆን፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ቆላ ወርጄ ነበር» በሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስጎብኚው ደወለልኝ። ከኋላው የመኪና ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ጣርማበር ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ያ የኮንጎው ዋሻ ስንት ሜትር ነበር ያሉኝ?»

«1,690» አልኩት።

«ሰዎቹስ ከየት የመጡ ነበር?»

«ከቻድና ከኡባንጊ። ከሜዳ።»

«እሺ ቆዩኝማ» አለና ስልኩን ሳይዘጋ ለተሳፋሪዎቹ መናገር ጀመረ። እኔም ሳልዘጋው ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ።